ቡና ቁርሱን ቆልፉበት፦ ኤስኬፕ ሩም በራሳችሁ ሳሎን

ኤስኬፕ ሩም ላልሰማ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጀማ ክፍል ውስጥ ይገባል። የተደበቁ ፍንጮችን እየፈለገና እያገጣጠመ የተቆለፈውን ሁሉ ይከፍታል፣ ያውም ሰዓት ሳያልቅበት። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 60 ደቂቃ ነው። በዚህ መልኩ የተጀመረው ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ከዚያ አውሮፓ ገብቶ ትልቅ ንግድ ሆኗል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ ለመጫወት ግን ነጋዴ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሦስት ባለቁጥር ጓጉንቸርና የሚቆለፍ ሳጥን ይበቃል። እንዲያውም እኔ፣ በየቤቱ የተዘጋጀው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ እንቆቅልሹን ለምታውቋቸው ሰዎች በልካቸው ትሰፉታላችሁ።

ከመጨረሻው ጀምሩ። ሳጥኑ ውስጥ ምን ይገኝ? የኔ ምርጫ ቡና ቁርሱ ነው። ቆሎውን፣ ዳቦውን፣ ካለም ፈንዲሻውን ቆልፉበትና ቡናው ይፈላ። አቦሉ ሲቀዳ ጨዋታው ይጀመራል፣ በረካው ከመቀዳቱ በፊት ሳጥኑ መከፈት አለበት። እስከ ቶና ድረስ ደረቅ ቡና የጠጣ ሰው እንዴት እንደሚሯሯጥ ታያላችሁ። ቡና አፍዪዋ ደግሞ ሰዓቱ በእጇ ስለሆነ የፈለገችውን ታዘገያለች። ይፈቀድላት።

አሁን እንቆቅልሹ። ዋናው ብልሃት አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው የማይችል ማድረግ ነው። አንዱን ሕፃን የሚፈታው፣ አንዱን አያት የሚፈቱት፣ አንዱን ደግሞ ጆሮ ያለው ሰው የሚፈታው ይሁን።

ለምሳሌ በቁራጭ ወረቀት ላይ ፲፰፻፹፩ ብላችሁ ጽፋችሁ «የውጫሌ ውል፣ በኛ አቆጣጠር» በሉና ምንጣፍ ሥር አድርጉት። ጓጉንቸሩ የሚከፈተው በ1881 ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካሌንደር የግዕዝ ቁጥር ካለው እስከ ፴ ያደርሳቸዋል። ፹ እና ፻ ላይ ሲደርሱ ግን «ይሄ ስንት ነው?» ብለው አባባን መጠየቅ ሊኖርባቸው ነው። ስልክ አስቀድማችሁ ሰብስቡ። ደብቆ የገባ ካለ ፈልጎ 1889 የሚለውን የፈረንጁን ዓመት ያገኝና ጓጉንቸሩ እንቢ ሲለው ራሱን ያጋልጣል።

ለልጆች ፊደል ስጧቸው። ግዕዝ 1፣ ካዕብ 2 እያለ እስከ ሳብዕ 7 ይሄዳል። ስለዚህ «ላሊበላ» የሚለው ቃል 4314 ይሆናል። ፊደል ገበታውን በር ላይ ለጥፉት፣ ከዚያ በላይ አትንገሯቸው። አንድ ጥንቃቄ፦ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያለውን ስም አትምረጡ። «ወልዲያ» 1634 ነው፣ «ወልድያ» ብሎ የጻፈ ግን 1664 ያወጣና የማያባራ ክርክር ይነሳል። የሠፈር ስም ላይ ክርክር ከተነሳ ደግሞ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው።

ሦስተኛው የወሎ ልጅ የሚኮራበት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች አሉን፤ ጓጉንቸሩም አራት ቁጥር አለው። ለእያንዳንዱ ቅኝት አንድ ቁጥር መድቡና ወረቀቱን ሽንት ቤት መስታወት ላይ ለጥፉ፣ መቼም አንድ ሰው መሄዱ አይቀርም። ከዚያ አራት አጫጭር የማሲንቆ ቅጂ በተከታታይ አሰሙ። የተሰሙበት ቅደም ተከተል የጓጉንቸሩን ቁጥር ይሰጣል። ማንም ጆሮ ከሌለው ግን ጀማው እዚያው ስለሚቀር ፍንጭ አዘጋጁላቸው። ሦስት ፍንጭ ይበቃል፦ መጀመሪያ ጠቆም የሚያደርግ፣ ቀጥሎ ግልጽ፣ መጨረሻ ላይ መልሱ ራሱ።

ሁለቱ ጓጉንቸሮች በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ይሁኑ፣ ሁሉም ተራ በተራ ከሆነ ግማሹ ሰው ቆሞ ያያል። ከአራት እስከ ስድስት ተጫዋች ጥሩ ነው። ከዚያ ከበዛ ለሁለት ከፍላችሁ አወዳድሩ። ከዋናው ቀን በፊት ደግሞ በማይጫወት አንድ ሰው ላይ ሞክሩት። ለአዘጋጁ ቀላል የመሰለው ነገር ለሌላው ዳገት ነው።

ለሚጫወቱት ምክሬ አጭር ነው። ያገኛችሁትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የተፈታ ወረቀት ለብቻው ይቀመጥ። አንድ ነገር ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተጣበቃችሁ ለሌላ ሰው ስጡት፣ ኩራት ይቅር።

የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከሆናችሁ አለቃችሁን መሪ አታድርጉ። አለበለዚያ ስብሰባ ይሆናል፤ ሁሉም አፉን ይዞ እሳቸውን ይጠብቃል። ዕቃ ፈላጊ አድርጓቸው፣ ወንበር ሥር ጎንበስ ሲሉ ሠራተኛው ዘና ይላል። አዲስ ገቢውን ደግሞ ወረቀት አንባቢ አድርጉት።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። የሚቆለፈው ሳጥኑ ነው፣ በሩ አይቆለፍም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ፖላንድ፣ ኮሻሊን ከተማ አንድ ኤስኬፕ ሩም ውስጥ እሳት ተነስቶ የ15 ዓመት ልጆች የሆኑ አምስት ሴቶች ሞተዋል፤ መውጫ አጥተው ነው። ከዚያ በኋላ አገሩ በሙሉ እንዲህ ያሉ ቤቶችን መፈተሽ ያዘ። የኛ አደጋ ደግሞ ከሰሉ ነው። ደሴ ብርድ ነው ብሎ በርና መስኮት ዘግቶ ቡና ማፍላት የለመደ ብዙ ነው፣ የከሰል ጭስ ግን ሳይታወቅ ይገድላል። ምድጃው በረንዳ ላይ ይሁን፣ ካልሆነም መስኮቱ ይከፈት። መብራት ቢጠፋ ሻማ ሳይሆን ባትሪ አብሩ፣ እንዲያውም በባትሪ መፈለጉ ጨዋታውን ያደምቀዋል።

በመጨረሻ፣ ጓጉንቸሮቹን ከመቆለፋችሁ በፊት ቁጥራቸውን ጽፋችሁ ለቡና አፍዪዋ ስጧት። አዘጋጁ ራሱ ቁጥሩን ቢረሳ ቆሎው እዚያው ሳጥን ውስጥ ያድራል።