የቤተሰባችሁን ምግብ ቤት ታሪክ ስትጽፉ የዱቤ ደብተሩን ፈልጉ

የእናቴ ሽሮ ቤት ካራ ነው፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ዳር። ታሪኩን ለመጻፍ ስነሳ መጀመሪያ «እማዬ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ከፈትሽው?» አልኳት። «እኔ እንጃ ልጄ» አለችኝ። ወሬው እዚያው ቆመ።

ዓመት አትጠይቁ። «ያኔ ማንን አዝለሽ ነበር?» በሉ። «ወንድምሽን ነዋ! ገና አራት ወሩ። ኢሕአዴግ ሲገባ ግን ድክ ድክ ይል ነበር።» ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20 ቀን 1983 ነው። ወደኋላ ስቆጥር 1982 ክረምት ላይ ደረስኩ።

ሰዓትም ምረጡ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ሽሮ ቤት መተንፈሻ የለውም። እኔ የምሄደው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምሳ በልተኛው ሲወጣ ነው። አስፈቅጄ ስልኬን ለመቅጃ ከፍቼ አስቀምጥና አብሬያት ምስር እለቅማለሁ። እጇ ሥራ ሲይዝ አፏ ይፈታል።

ከሁሉም በላይ ግን የዱቤ ደብተሩን ፈልጉ። የእኛን እህቴ ለእሳት ማቀጣጠያ ልታደርገው ስትል ነው የደረስኩበት። ሽፋኑ በዘይት ወዝቷል። እማዬ የሹፌሮቹን ስም ስለማታውቅ «ቀዩ አይሱዙ፣ 2 ሽሮ»፣ «ጤፍ ጫኙ፣ 1 ሽሮ 1 ሻይ» እያለች ነው የጻፈችው። የከፈለው ላይ መስመር ተሰምሮበታል። አንዱ ላይ ግን መስመር የለም፤ «ልጁ የታመመበት፣ 4 ሽሮ» ይላል። ያ ደብተር ቢቃጠል ኖሮ እናቴ ያበላቻቸው ሰዎች አብረው ይጠፉ ነበር። ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት። ስሙ የተጻፈ ባለዕዳ ካለ ለሌላ ሰው ስታሳዩ ሸፍኑት፤ የሰው ገመና ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ፎቶ ቀኑ በፈረንጅ ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ከሆነ ከዓመተ ምሕረቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ቀንሱ። ቀን ከሌለው ገንዘቡን እዩ፤ የ200 ብር ኖት ከታየ ፎቶው ከ2013 ወዲህ ነው።

ወሬ ሲጋጭ ሁለቱንም ጻፉ። መነሻው ብር እማዬ እንደምትለው ጉትቻዋ ተሽጦ የተገኘ ነው፤ አክስቴ ደግሞ የዕቁብ ዕጣ ነበር ትላለች። ዳኛ ልሁን ብዬ አክስቴን አስቀየምኳት፤ ሁለት ወር አላናገረችኝም። አሁን የሁለቱም ቃል በየስማቸው አንድ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ለአክስቴ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችና «በይ የዕቁቡን ጸሐፊ ሳይሞት ጠይቂው» አለችኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።