የገና ዱላህ ለምን አንገቱ ላይ ይሰበራል?

ከህዳር አጋማሽ ጀምሮ ደጄ ላይ የተሰበረ የገና ዱላ ይከመራል። ደሴ ውስጥ ከእኔ ሌላ እንጨት የሚነካ ሰው የሌለ ይመስል። ሰባሪዎቹ ደግሞ አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ጥንጓን ከሜዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ካልለጉ የተጫወቱ አይመስላቸውም። ይህ ለእነሱ ነው። ዱላህን ስትሰነዝር ጎንህ ያለውን ሰው እይ ምናምን አልልም፤ እሱን ታውቀዋለህ።

ቁልምሙ ላይ ይሰበራል

ቁልምም የምለው የጎበጠውን የዱላውን ጫፍ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ጉብጠቱ የሚጀምርበት ነው። ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ እዚህ ጋ የተሰበሩ ናቸው። ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዱላው ተቆልምሞ ሳይሆን ተቆርጦ ነው የተሠራው። ሠሪው ሰፊ ጣውላ ያጋድምና የዱላ ቅርጽ ይስልበታል። ከዚያ በመጋዝ ያወጣዋል። ሲያዩት ያምራል። የእንጨቱ ጅማት ግን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው። ቁልምሙ ጋ ሲደርስ በጎን ወጥቶ ያልቃል።

ፍልጥ ፈልጠህ ታውቅ የለ? መጥረቢያው በጅማቱ ከገባ እንጨቱ በአንድ ምት ለሁለት ይሆናል። በአግድም ከመታኸው ግን ክንድህ ይዝላል። መጋዝ የወለደው ቁልምም ጅማቱ አጭር ነው። ጥንጓን በመታህ ቁጥር ራስህ እየፈለጥከው ነው ማለት ነው።

አምና ሐይቅ አካባቢ አንድ ጎረምሳ በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ ዱላ ይዞ ሜዳ ገባ። ሦስተኛው ምት ላይ ጥንጓ እዚያው ቀረች፤ የበረረው የዱላው ጭንቅላት ነው። ዳር ቆመው ያዩ የነበሩ አባት ጀርባ ላይ አረፈ። ጋቢያቸው ድርብ ባይሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። እሳቸው ግን ተቆጥተዋል።

ልጁ በማግስቱ ዱላውን ይዞ መጣ። በአራት ምስማር መትቶታል! ምስማር የተሰነጠቀን እንጨት አይሰበስብም፤ የባሰ ይሰነጥቀዋል። አንድ ቀን ደግሞ ምስማሩ ይወጣና የሰው ዓይን ይፈልጋል። ሽቦም ያው ነው። ምስማር ያለበት ዱላ ወደ እኔ አታምጣ።

ስትገዛ እንዲህ አድርግ። ቁልምሙን በውኃ አርጥበው። ጅማቱ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። በጣትህ ተከተለው። ከእጀታው ተነስቶ ቁልምሙን ዞሮ እስከ ጫፉ ከሄደ ግዛው። መንገድ ላይ በጎን ከወጣ መልስለት። ሻጩ ወይራ ነው ብሎ ቢምልልህም አርጥበው። ወይራ ከባድና ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ጅማቱ የተቆረጠ ወይራም ይሰበራል። ቀለም የተቀባውንማ አትንካው።

ደህና ቁልምም የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሲያድግ ጀምሮ የጎበጠ ቅርንጫፍ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ሁለተኛው በእሳት የተቆለመመ ነው። እርጥብ እንጨት ሲሞቅ ይለሰልሳል። ትኩስ ረመጥ ውስጥ ይቀበርና ሳይበርድ በዛፍ መንታ መሃል ይጎብጣል፤ ከዚያ ይታሰራል። ጉጥ የሌለበት ጎኑ ወደ ውጭ ይሁን፤ የሚለጠጠው እሱ ነው። እስራቱን ሳይደርቅ የፈታ ሰው ዱላው ቀጥ ብሎ ይጠብቀዋል። ደረቅ እንጨት ለመቆልመም የሚሞክርም አይጠፋም። ምን ልበል?

ተሰብሮ ከሆነስ? ስንጥቁ በጅማቱ ርዝመት ከሄደ አብሽር፣ ይድናል። ስንጥቁን ከፈት አድርገህ ኮላ አስገባበት፤ አጥብቀህ እሰረውና ይደር። በማግስቱ በውኃ የራሰ ጠፍር ጠምጥምበት። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ማንም እጅ እንደዚያ አያጠብቅም። ጥላ ላይ ይድረቅ። አግድም ከተሰበረ ግን ቡና አፍላበት።

ጫፉ ይሰነጠቃል

እንጨት ውኃውን ፈጥኖ የሚያጣው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው። ጫፉ ቀድሞ ይኮማተራል፤ መሃሉ ገና እርጥብ ነው። ይሰነጠቃል። ህዳር ላይ የቆረጠውን ምድጃ በላይ ሰቅሎ ለታህሳስ 29 ሊያደርሰው የሚሞክር ሰው ሞልቷል። አይደርስም። ሚያዝያ ላይ ቁረጥ። ጫፎቹ ላይ ሻማ አቅልጠህ አፍስስ። ልጡን ቶሎ አትላጥ፤ ጥላ ላይ አጋድመው። ከደሴ ብርድ አውጥተህ ባቲ ሙቀት ውስጥ የምትወስደው ከሆነ ሞራ ቀባው። ደግሞ ከየጎፍ ደን እንዳትቆርጥ፤ ጥብቅ ደን ነው።

በሙሉ ኃይል ትመታለህ፣ ጥንጓ ቅርብ ትወድቃለች

ዱላህ ከብዶሃል። ጉልበተኛ ሁሉ የሚመርጠው ሙቀጫ ዘነዘና የሚያክለውን ነው። ክብደቱን እጥፍ ብታደርገው የምቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርገው ግን አራት እጥፍ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ሶፍትቦል የሚሉትን፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ ይጫወታል። ዱላው ኮምፖዚት የሚሉት ነው፤ ከካርቦን ክርና ከሙጫ የተሠራ። ርዝመቱ 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እነሱ ጋ ያሉ ኃይለኛ መቺዎች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 አውንስ አያልፉም። ያ 850 ግራም ነው። የሚመርጡት አጠቃላይ ክብደቱ ሳይጨምር ሚዛኑ ወደ ጫፉ ያደላውን ነው። የእኛም ዱላ እንዲሁ ነው፤ እጀታው ይቅጠን፣ ቁልምሙ ይወፍር። እጀታውን በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው። አንገቱን እንዳትፍቅ! ፍቀህ ስታበቃ በአንድ እጅህ ወደ ፊት ዘርጋው። እስከ 20 ሳትቆጥር ክንድህ ከተንቀጠቀጠ ገና አልቀለለም።

ጥንጓ ወደ ላይ የምትነሳ ከሆነ ቁልምሙ ከሥር ገብቶ እያፈሳት ነው፤ ፊቱን በጥቂቱ ፍቅና ቀጥ አድርገው። መዳፍህን ከነዘረህ ጥንጓን በአንገቱ እየመታሃት ነው። ከእጅህ የሚያመልጥ ከሆነ ቫርኒሹን ፍቀህ የካላማዳሪ ጎማ ጠምጥምበት።

ነቀዝ የሚበላው ነጩን የእንጨት ክፍል ነው፤ ዱቄት ካራገፈ ከቤት አውጣው። የቀረውን ደግሞ ጨዋታው ሲያልቅ ሞራ ቀብተህ ቆጥ ላይ አጋድመው። ምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ላይ ግን አይደለም።