ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ለመጣባችሁ፦ ልጁን ከማውጣታችሁ በፊት

ክረምቱን ደሴ ነኝ። ስልኬ ግን ከአሜሪካ በሚላክ የድምፅ መልእክት ተጨናንቋል። ጥያቄው ያው ነው። «የልጄ ትምህርት ቤት ደካማ ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ላውጣው?» ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። ስለዚህ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሄዳችሁ ገና ሻንጣ ላልፈታችሁ ሁሉ አንዴ ልጻፈው።

እኛ አገር የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም የሁሉም ነው። ሆጤም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ትምህርት ቤት ዕቅድ ያወጣል፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ወላጅ ተሰብስቦ ለአጥርና ለወንበር የሚያዋጣውም በዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ደብዳቤው የሚመጣው ወደ ኋላ ከቀሩት ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የድሃ ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ ፈረሙ። ታይትል ዋን ሲሉ የምትሰሙት ይህን ገንዘብ ነው፤ ዛሬም አለ። በ2002 ቡሽ የፈረሙት ሕግ ደግሞ ነገሩን አከረረው። እስከ 2014 ሁሉም ተማሪ በንባብና በሒሳብ ብቁ ይሁን ተባለ። ሁለት ዓመት በተከታታይ የዓመቱን ግብ የሳተ ትምህርት ቤት ወላጆች ልጃቸውን የማዛወር መብት አገኙ። ሦስተኛ ዓመት ከደገመ ነፃ ማስጠናት ተጨመረ። ከዚያ ካለፈ ሠራተኛ እስከ መቀየር ይደርስ ነበር። መቶ በመቶ ማለት የትም አገር የማይሆን ግብ ነው፤ 2014 መጥቶ ሄደ፣ ግቡ ግን አልተመታም።

በ2009 ኦባማ ሲመጡ ለዚሁ ሥራ ተጨማሪ 3 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። እጅግ ደካማ ለተባሉት አራት አማራጭ ቀረበ። አንደኛው ርእሰ መምህሩን አንስቶ ከሠራተኛው ከግማሽ ያልበለጠውን ብቻ መልሶ መቅጠር ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱን ለቻርተር አስተዳደር (በመንግሥት ገንዘብ ራሱን ችሎ ለሚሠራ አካል) መስጠት፣ ሦስተኛው ጨርሶ መዝጋት። አራተኛው ርእሰ መምህሩን ቀይሮ አሠራሩን ማሻሻል ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ይሰጥ ነበር። በጠቅላላው 7 ቢሊዮን ገደማ ወጣ። በ2017 የወጣው የመንግሥት የራሱ ጥናት ግን በፈተና ውጤትም ሆነ በምረቃ ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። እንደኔ ከሆነ፣ ልጆቹ የሚያውቁትን መምህር በአንድ ክረምት አባሮ ልጆቹ እንዲሻሻሉ መጠበቅ ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም።

አሁን ያለው ሕግ የ2015ቱ ነው። እያንዳንዱ ስቴት ቢያንስ በ3 ዓመት አንዴ ከታይትል ዋን ትምህርት ቤቶች የመጨረሻዎቹን 5 በመቶ ይለያል። ሲሶ ያህል ተማሪ የማይመረቅበት ሁለተኛ ደረጃም ይገባበታል። ከዚያ የማሻሻያ ዕቅድ ይወጣል፣ ወላጅም በዕቅዱ ላይ መሳተፍ አለበት። እናንተ ጋ የደረሰው ደብዳቤ ይሄ ነው፤ ሳታነቡ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት።

እኛ ራሳችን አሜሪካ ውስጥ የገባንበትን ወጥመድ ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የኪራይ ቤት ድረ ገጾች ከቤቱ ፎቶ ጎን የትምህርት ቤቱን ነጥብ ከ10 ያስቀምጣሉ። ደብዳቤው ሲመጣ የሚያውቀን ሁሉ «3 ያለበት ምን ትሠራላችሁ? 9 ወዳለበት ሂዱ» አለን። ልጅ የሚመዘገበው በአድራሻ ስለሆነ ቤት ቀየርን። ኮንትራት አፍርሰን ቅጣት ከፈልን። ለአዲሱ ኪራይ ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ጨመረች። ትምህርት ቤቱ ያምራል፣ ሜዳው ሣር ነው። እንግሊዝኛ ለሚጀምሩ ልጆች የነበረችው ግን አንዲት መምህርት ናት፤ እሷም ሁለት ትምህርት ቤት ትመላለሳለች። ልጃችን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ደብተሩ ላይ መኪና ሲስል ከረመ። የድሮው ትምህርት ቤት ለአዲስ መጪዎች የተለየ ክፍል ነበረው። በማሻሻያው ገንዘብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ማስጠናት ጀምሮ ነበር። ያን ያህል ከፍለን የሸሸነው ከዚህ ነው። ያ ነጥብ በአብዛኛው የሚያሳየው የወላጅን ኪስ ነው። የእናንተን ልጅ ማን እንደሚያስተምረው አይነግራችሁም።

የዘመድ አድራሻ ተበድራችሁም አታስመዝግቡ። ሲታወቅ ልጁ ዓመቱ መሐል ላይ ሊባረር ይችላል፤ ወጪ የሚያስከፍሉም አሉ።

መውጣት የሚገባበት ጊዜ የለም አልልም። ልጁ እየፈራ ከሄደ፣ ወይም መምህር በየወሩ ከተቀያየረ፣ አውጡት። ከዚያ በፊት ግን ሄዳችሁ ክፍሉን እዩ።

ሲያስመዘግቡ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ፎርም አለ። «እንግሊዝኛ በሉ፣ አለዚያ ልጁን ወደ ኋላ ያስቀሩታል» የሚላችሁን አትስሙ። አማርኛ ብላችሁ ጻፉ። የቋንቋ ድጋፉ የሚመጣው በዚያ ፎርም ነው። የመኖሪያ ወረቀት የላችሁም ብሎ ልጁን የሚመልስ ትምህርት ቤት ካለ ደግሞ ተሳስቷል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኖታል። ገና ደሴ ያላችሁ የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ አስተርጉማችሁ፣ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ።

ስብሰባ ሲጠሩ ሂዱ። የማሻሻያው ገንዘብ ስንት እንደሆነና በምን ላይ እንደሚውል ጠይቁ። እንግሊዝኛ ጀማሪዎችን የሚያስተምሩ ስንት መምህራን እንዳሉና ልጃችሁ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያገኝም ጠይቁ። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ልጃችሁ እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ። አስተርጓሚው የአማርኛ እንዲሆን ቀኑ ሳይደርስ ደውላችሁ ንገሯቸው።