የሞተር መጋዝ ካርቡራተር አስተካከል፦ ካቻቪቴው መጨረሻ ይምጣ

የሞተር መጋዝ ሲያስቸግር የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ካቻቪቴ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ብሎን ሳሽከረክር ዋልኩ። ለካ ችግሩ በእንጨት ብናኝ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ኖሯል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ይጨርሱ። የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ። ቤንዚኑ ወራት የቆየ ከሆነ ይቀይሩት። አምራቹ 50 ለ 1 ካለ፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ይገባል። ካንዴላውን ይፍቱና ጫፉን ይዩ። ቀላ ብሎ የተቆላ ቡና ከመሰለ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ከነጣ ደግሞ አንሷል። ነዳጅ ጋኑ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ማጣሪያም አይርሷት።

አሁን ወደ ካርቡራተሩ፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ክፍል ብሎኖች። ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። «ኤል» (L) ዝቅ ባለ ፍጥነት፣ «ኤች» (H) ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ የሚገባውን ቤንዚን ይወስናሉ። «ኤልኤ» (LA፤ ሁስክቫርና የተባለው መጋዝ ላይ «ቲ»፣ T) የሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። ኤልና ኤች ወደ ቀኝ ሲጠብቁ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ሲላሉ ይጨምራል። የስቲል ኩባንያ ኤም-ትሮኒክ ወይም የሁስክቫርና አውቶቱን ያለው መጋዝ ራሱን ስለሚያስተካክል ኤልና ኤችን እዚያ ላይ አይፈልጉ።

ከመንካትዎ በፊት ብሎኖቹ የነበሩበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ጨርሶ ከተዘበራረቀ፣ ሁለቱንም ቀስ ብለው እስኪነኩ ያጥብቁና አንድ ዙር ያላሉ። ለብዙ መጋዞች መነሻ ይሆናል፤ መመሪያው ሌላ ካለ ግን እሱን ይከተሉ። በጉልበት ካጠበቁት ሹል ጫፉ ይበላሻል።

ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ደቂቃ ያሙቁት። መጋዙ መሬት ላይ በደንብ ይቀመጥ፣ ሰንሰለቱ ምንም አይንካ።

ከኤል ይጀምሩ። ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ነጥብ እስኪያገኙ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዙሩት። ከዚያ ነጥብ ሩብ ዙር ያህል ወደ ግራ ይመልሱት። ነዳጅ ሲሰጡት ሳያመነታ መነሳት አለበት። ቀጥሎ በኤልኤ ሚኒሞውን ያውርዱ፦ ሞተሩ አይጥፋ፣ ሰንሰለቱም አይዙር። ሚኒሞው ወርዶም ሰንሰለቱ ከዞረ የፍሪሲዮኑን ስፕሪንጎች ይዩ።

ኤች ላይ ጆሮ ያስፈልጋል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ሙሉ ነዳጅ ይስጡ። ድምፁ በትንሹ መንተባተብ አለበት። እንጨት ውስጥ ሲገባ ደግሞ መንተባተቡ ጠፍቶ ድምፁ ይጠራል። እንጨት ውስጥም ከተንተባተበ በትንሹ ያጥብቁ። ባዶውን ሲጮህ ጥርት ያለ ቀጭን ፉጨት ካወጣ ግን ቶሎ ያላሉት። ያ ፉጨት ደስ ይላል፤ ብዙ ሰው «አሁን ጉልበት አገኘ» ይላል። ነገር ግን የዚህ ሞተር ዘይት የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ሲቀንስ ዘይቱም ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። እኔ ብሆን ትንሽ ጉልበት ባጣ ይሻለኛል።

እኛ አገር ከፍታውም ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ኤችን ጠበቅ ያደርጋል። ያንኑ መጋዝ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለችው አርባ ምንጭ ቢወስደው አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርዱ መጀመሪያ ኤችን ያላሉ፣ ከዚያ እንደገና ያዳምጡ።

ነዳጅ ሲሰጡት የሚታነቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኤል ጠብቋል። ጭስ ከበዛበት ቤንዚኑ ወይም ዘይቱ በዝቷል። ነዳጅ መስጫውን ለቀውት እንኳ ፍጥነቱ ቶሎ ካልወረደ፣ ወይም ዛሬ ያስተካከሉት ነገ ከተለወጠ፣ ብሎን ማዞሩን ያቁሙ። የሆነ ቦታ ያልተፈለገ አየር እየገባ ነው፣ ወይም የካርቡራተሩ ስስ ላስቲክ ደርቋል። ላስቲኩ በመጠገኛ ኪት ይቀየራል። አየር የሚያስገባውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ግን ሞተሩን በግፊት ፈትሾ የሚያገኝ መካኒክ ይይልዎት።