ባሕር ዳር እየኖሩ ባሕር ዳር ላይ ማረፍ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ተወልዶ አድጎ ጣና ላይ በጀልባ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ሐይቁን የምናስታውሰው እንግዳ ሲመጣ ነው። እናዞራለን፣ ሂሳብ እንከፍላለን፣ ደክሞን ቤት እንገባለን። ስለዚህ አንድ ሰው ተነስቶ «ቅዳሜና እሁድን እዚሁ ብቻዬን ልረፍ» ቢል ሐሳቡ ግሩም ነው። የአውቶቡስ ትኬት የለ፣ ሻንጣ መጎተት የለ። ችግሩ ከተማዋ ታውቃችኋለች። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህንን ከመርሳት ነው።

ለማንም ሳይናገሩ መጥፋት

ስልክ አጥፍቶ መሰወር ለፊልም ያምራል። እዚህ ግን ግማሽ ቀን ስልካችሁ ካልሠራ እናት ትደነግጣለች፣ እህት ለጎረቤት ትደውላለች፣ ማታ ላይ ፍለጋ ተጀምሯል። ለአንድ የምታምኑት ሰው የሆቴሉን ስምና የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩ። ለሌላው «እስከ እሁድ ማታ አልመችም» ይበቃል። «ለሥራ ወጣሁ» ማለት አያዋጣም። ጊዮርጊስ ጋ አንዱ ያያችሁና ማታውን ቤት ይደርሳል።

«ቤት እያለው አልጋ ያዘ» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያስፈራል። ሴት ከሆነች ደግሞ ወሬው እጥፍ ነው። ቀድማችሁ በግልጽ ከተናገራችሁ ግን ለሐሜተኛ የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው።

ልቅሶ ቢመጣስ? እድርተኛ ሰው ይህንን ሳያስብ አይወጣም። የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የቅርብ ሰው ከሆነ ሂዱ፣ ቀብር ውላችሁ ተመለሱ፤ አልጋችሁ የትም አይሄድም። የሩቅ ከሆነ ሠልስት ላይ መድረስ ነውር አይደለም። የሥራ ስልክ ግን ልቅሶ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፁን አጥፉት።

በጥር መውጣት

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሠርግ ሰሞን ነው። አዳራሽ ያለው ሆቴል ውስጥ አልጋ ከያዛችሁ ከበሮው እስከ ሌሊት ጆሯችሁ ላይ ነው። ይባስ ብሎ ሙሽራው የዘመድ ልጅ ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሰሞንም እንዲሁ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ወላጅ ከተማውን ይሞላዋል፣ የአልጋ ዋጋ ይወጣል። መስከረምና ጥቅምት ይሻላሉ። ዝናቡ ይቆማል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው።

ክፍሉን ሳያዩ መክፈል

ፌስቡክ ላይ ያለው ፎቶ ከሰገነቱ የተነሳ ነው እንጂ ከእናንተ ክፍል አይደለም። ቁልፍ ተቀብላችሁ ግቡና የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ፤ እጃችሁን ከሥሩ አድርጋችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ። «ይመጣል፣ ትንሽ ታገሡ» የተባለ ውሃ ሲመጣ አላየሁም። መስኮቱ ይዘጋል? አጎበሩ ተቀዷል? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ለክፍሎቹም ነው ወይስ ለባሩ ብቻ? ጠይቁ። ባሕር ዳር ወባ ያለበት አገር ነው፤ ሐይቁን ተጠግቶ መሬት ላይ ያለ ክፍል ደግሞ የትንኝ መንገድ ነው። መታወቂያችሁን መያዝ አትርሱ። «የዚሁ ሰው ነኝ» ብትሉም ይጠየቃል።

ሰፈርም ወሳኝ ነው። ቀበሌ 14 የሚኖር ሰው ቀበሌ 14 አልጋ ቢይዝ ያው ባለሱቅ፣ ያው ባለባጃጅ ነው። የማታዘወትሩትን ጎን ምረጡ።

ሁሉን በአንድ ቀን

ጠዋት የዘጌ ገዳማት፣ ከሰዓት የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ማታ ቤዛዊት ኮረብታ። ይህ የአስጎብኚ ፕሮግራም ነው፤ ነገ አውሮፕላን ለሚይዝ ሰው የተሠራ። እናንተ ግን እዚሁ ናችሁ፣ የቀረው ለሌላ ጊዜ ነው። በቀን አንድ ነገር ይበቃል።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ የምታገኙት ቀጭን ፏፏቴ ነው። «ጢስ» የተባለበትን ለማየት ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ መሄድ ነው። ከከተማ ለመውጣት ስታስቡ ደግሞ መንገዱ እንዴት እንደሆነ በዚያው ጠዋት ሾፌሮችን ጠይቁ፤ የትናንት ወሬ አይበቃም። ማታ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም እወቁ።

ምንም ባትሄዱ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ። ወደ ማታ ላይ በእግር ተሻገሩት። ሁልጊዜ በመኪና ተጣድፈን ስለምናልፍ፣ ወንዙ ከሐይቁ ሲወጣ እንዴት ዝግ ብሎ እንደሚሄድ አናየውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ለብቻ ጀልባ ተከራይቶ

ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳበታል። ማዕበሉ ውሃውን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል፤ መመለሻው ይረዝማል። ማልዳችሁ ውጡ። የኮንትራት ጀልባ ዋጋው ለጀልባው እንጂ ለሰው ስላልሆነ ብቻውን ለሚሄድ ኪስ ይጎዳል። ቡድን ጠብቁ፣ ወይም የዘጌ ሰው የሚሳፈርበትን ጀልባ ጠይቁ። የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለው ቅሩ። «ምንም አይል፣ እኛ እኮ ሁሌ ነው» ይሏችኋል፤ ይበሉ።

ሴቶች አስቀድመው ይወቁ፤ ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባም። የዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ናት። ሥዕሎቿን ለማየት አትጣደፉ። እንግዳ አስከትላችሁ ስትሄዱ ስታስረዱ ትውላላችሁ፤ ብቻችሁን ስትሆኑ አንዱ ግድግዳ ፊት የፈለጋችሁትን ያህል ትቆማላችሁ። ነጠላ ያዙ፣ ዝርዝር ብርም ያዙ። ከዚያ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር መውረድ ነው። በዘጌ በትውፊት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ ጫካው እስካሁን የቆየው በዚህ ጭምር ነው።

እግር ውሃ ውስጥ መንከር

አታድርጉት። ከባሕር ዳርቻው ውሃ ቢልሐርዝያ ይይዛል፣ ዓባይ መውጫ አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ።

ብቻ መብላትን መፍራት

«ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገ ሰው ምግብ ቤት ብቻውን ሲቀመጥ ያፍራል። ስልኩ ላይ ያቀረቅራል፣ ወይም ጓደኛ ይጠራል። ጓደኛው ሌላ ጓደኛ ያመጣል፣ ቢራ ይከፈታል፣ ሂሳቡ የእናንተ ነው፤ የእረፍቱ ቀን እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ሆኖ አለቀ ማለት ነው። አስተናጋጁ «ሌላ ሰው ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቃችሁ «አይ፣ ብቻዬን ነኝ» በሉት። ከዚያ በኋላ የሚያያችሁ የለም። ምሳ ሰዓት ሳይጨናነቅ ግቡ፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ ወንበር ያዙ። ሙሉ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ ለአንድ ሰው ይበዛል የምትሉ ከሆነ የዓሣ ጉላሹን ወይም ዱለቱን እዘዙ፤ እሾህ መልቀም የማይወድ ሰውም በዚያው ይገላገላል። ጾም ከሆነ ደግሞ የዓሣውን ክርክር ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ፤ ሽሮው አይከፋም።