ለፋሲካ ቤት ሲሞላ ውሻችንን እንዴት እንጠብቅ?

ፋሲካ ሲመጣ የሚፈስከው ሰው ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ 55 ቀን በሽሮና በምስር ሲከርም የግቢው ውሻም አብሮ ከርሟል። ከዚያ በአንድ ሌሊት ዶሮው፣ በጉ፣ ቅቤው ይመጣል። እንግዳው ሁሉ ደግሞ «ምስኪን፣ እሱም ይፈስክ እንጂ» እያለ ይወረውርለታል። በማግስቱ የሚታመመውም በዚሁ ርኅራኄ ነው።

የእኛ ቦቢ አንድ ዓመት ከአጎቴ እጅ የመላላጫ አጥንት ተቀብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልስ ነበር። አጎቴ እስከ ዛሬ አልተቀበለኝም። «ውሻ አጥንት ካልበላ ምን ሊበላ ነው?» ይለኛል።

ከበዓሉ አንድ ወር በፊት፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ያሳድሱ። ክትባቱ እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚፈልግ በዋዜማው መሯሯጥ ብዙም አይጠቅምም። የአንገት ማሰሪያው ላይም ስልክ ቁጥርዎን ይጻፉ። በበዓል ቀን የግቢ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፤ ውሻው ሾልኮ ቢወጣ የሚያስተውለው የለም።

በዋዜማው፦ ማረፊያውን ያዘጋጁ። ጓሮ፣ ጓዳ፣ የትም ይሁን፤ ጥላ፣ ውሃና የለመደው ምንጣፍ ይኑረው። በጉ የታሰረበትና የሚታረድበት ቦታ ግን አጠገቡ አይሁን። በአጭር ሰንሰለት አስሮ እንግዳ መሃል መተው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የፈራ ውሻ መሸሽ ካልቻለ የሚቀረው መንከስ ነው።

እርዱ ላይ፦ ሳንባና ጉበት ሲወጣ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካዩ ለውሻ አይስጡ። እባጩ ውስጥ ያለው የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ሕፃን እጅ ላይ ይደርሳል። ሰው ጉበት ላይም ያንኑ እባጭ ያበቅላል። እንዲህ ያለውን ሥጋ ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ነው። ደህና የሚመስለውንም ቢሆን ጥሬውን አይስጡት፤ በደንብ ይቀቀል።

ማዕዱ ሲቀርብ፦ ዶሮ ወጥ ለውሻ ሁለት ጊዜ ጠላት ነው። አንደኛው አጥንቱ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾላል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሁለተኛው ቁሌቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፣ ምልክቱም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ድዱ ከገረጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ከተዝለፈለፈ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። «አጥንቱን አውጥቼ በእንጀራ ለውሼ ሰጠሁት» የሚሉም አሉ፤ ሽንኩርቱ ግን እንጀራው ውስጥ ገብቷል።

የድፎ ዳቦ ሊጥ (ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል)፣ ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ የቡና አተላ፣ ጠላና ጠጅም ክልክል ናቸው። ወጡ ከመሠራቱ በፊት ጥቂት ቀይ ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም ቀቅለው ለእሱ ያስቀምጡ። ትንሽ ይበቃዋል፤ ሁለት ወር ሥጋ ያላየ ሆድ ጮማ ሲበዛበት ይታወካል። እንግዳ «ልስጠው?» ሲል ከዚህች ላይ አንድ ጉርሻ ያቀብሉት፤ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። የተጋጠ አጥንት ማጠራቀሚያ ደግሞ ክዳን ያለው ባልዲ ይሁን።

እንግዶች ሲገቡ፦ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ማረፊያው ውስጥ ይቆይ። ነጭ በነጭ ለብሳ የመጣች አክስት ቀሚስ ላይ ጭቃማ እግሩን ካሳረፈ ለዓመት የሚወራ ጉዳይ ነው። ልጆች ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት አስቀድመው ይንገሯቸው። ጭራውን በእግሮቹ መሃል ካስገባ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ «በቃኝ» ማለቱ ነው። ሲያጉረመርም አይምቱት። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ካስተዉት በሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ከነከሰ ደግሞ፣ የተከተበም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። «የቤት ውሻ ነው፣ ምንም አይል» ተብሎ አይታለፍም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ማታ እንግዳው ሲሸኝ ቄጠማው ይጠረግ። በመሃሉ፣ ሶፋ ሥር፣ በረንዳ ላይ የተረሳ አጥንት አይጠፋም። ቦቢን የምንፈታው ከዚያ በኋላ ነው።