ጋሼን ከአሜሪካ ጅማ ስናመጣ የተሳሳትናቸው ነገሮች

ጋሼ ያረፈው አሜሪካ ነው። በኑዛዜው መሠረት አስከሬኑ ተቃጠለና ልጁ አመዱን ይዞ ጅማ መጣ። ቀብር እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማያውቅ ቤተሰብ ስንት ቦታ እንደሚሳሳት ያን ሳምንት አየሁ።

መቃጠሉን መደበቅ። መርዶው ሲነገር «አርፏል» ተባለ እንጂ ስለ መቃጠሉ ማንም አልደፈረም። አክስቴ ሁለት ወር ሙሉ «የመቃብሩን ፎቶ ላኩልኝ» ስትል ቆየች። እውነቱን የሰማችው የአመዱ ሳጥን ሳሎን ገብቶ ነው፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ማቃጠልን አይቀበሉም፤ ስለዚህ ለጅማ ሽማግሌ ይህ ሁለተኛ መርዶ ነው። እንደ መርዶም ፊት ለፊት፣ በሚከበር ሰው አፍ፣ ሳጥኑ ከመድረሱ በፊት ይነገር። የንስሐ አባትንም ቀደም ብሎ ለብቻ ማነጋገር ነው። በዕለቱ ሰው ፊት «ፍትሐት ያድርጉልን» ብሎ ማስጨነቅ ነውር ነው።

«አመዱ መቼ ይደፋል?» እንዲህ ያለው አንድ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። አክስቴ ግን ተነስታ ወጣች። በእኛ አፍ አመድ ጓሮ የሚደፋ ነገር ነው፤ ውለታ ሲበላብን «እጄ አመድ አፋሽ» የምንለውም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም «ጋሼን መቼ እናሳርፈው?» ማለት ጀመርን። ቤቱን ያረጋጋው ይኼ ነው ብል አላጋነንኩም።

አመዱን በብረት ዕቃ መያዝ። ኤክስሬይ ውስጡን ካላሳየ የአሜሪካ አየር ማረፊያ ፈታሾች አያሳልፉትም፤ «ክፈቱና እዩ» ቢባሉም አይከፍቱም። እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሻላል። የማቃጠያና የሞት ምስክር ወረቀቶቹ ከእጅ ሻንጣ አይለዩ።

ለእይታ ብሎ ቦታ መምረጥ። አንዱ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ አለ። ቦታው ያምራል፣ ግን ቅርስ ነው፤ ጎብኚ አይጠፋበትም። ሌላው አዌቱ ወንዝ አለ። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው፣ ከታች በኩል ሰው አለ። ምንጭ አጠገብማ አይታሰብም። በመጨረሻ ማና ወደሚገኘው የአያታችን ቡና መሬት ሄድን፤ ከመጀመሪያውም እዚያ መሆን ነበረበት።

ቡናው ሥር መከመር። ሰው «ማዳበሪያ ይሆነዋል» ይላል። የምድጃ አመድ መስሎት ነው። ይኼ የተፈጨ አጥንት ነው፤ እንደ ሻካራ አሸዋ ይቆረቁራል፣ የአንድ አዋቂ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ጨውነቱ ብዙ ነው። ቡና ጎምዘዝ ያለ አፈር ሲወድ ይህ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አንድ ቦታ ከተቆለለ ሥሩን ይጎዳል። በስሱ ይበተን ወይም ከብዙ አፈርና ብስባሽ ጋር ይደባለቅ።

ጊዜውን አለማየት። በክረምት የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው ሰሞን ይመቻል።

መቀስ መርሳት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወፍራም ላስቲክ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ ነው። ልጁ የአባቱን ላስቲክ በጥርሱ ሊፈታ ሲያጎነብስ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁም። አንዲት ጎረቤት ከቤቷ ቢላ አመጣች። ውስጡ ቁጥር ያለባት ትንሽ ብረት ልታገኙ ትችላላችሁ፤ አብራችሁ እንዳትበትኗት አውጧት።

ነፋስን መናቅ። የመጀመሪያው እፍኝ ከደረት ቁመት ሲለቀቅ ተመልሶ መጣ፤ የአክስቴ ነጠላ ጥለቱ ድረስ ግራጫ ሆነ። ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ከጉልበት በታች መልቀቅ ነው። ልጆች ከኋላ ይቁሙ።

ሁሉንም መበተን። ከተበተነ በኋላ መልቀም የለም። አክስቴ «ሄጄ የማለቅስበት ቦታ ስጡኝ» ባትል ኖሮ እኛም ጨርሰን ነበር። ግማሹን ዋንዛው ሥር ቀበርነው፣ ድንጋይም አኖርንበት። አሁን ስትሄድ የምትቀመጠው እዚያ ነው።

ውሃም አልያዝንም። ከቀብር ሲመለሱ እጅ መታጠብ ወጉ ነው፤ ይኼ ደግሞ ጣት መሃል ይቀራል። ያቺው ቢላ ያመጣችልን ጎረቤት በጀሪካን ውሃ ይዛ ደረሰች፤ ታጥበን ንፍሮው ላይ ተቀመጥን።